ስሙ ማኅተሙ ነው፦ የካምፓላ ዶቃዎች፣ ሰብሳቢዎቻቸውና የሉጋንዳ የጌጥ ቃላት

1. መነሻ

በኒው ዮርክ፣ በለንደንና በፓሪስ የቆዩ አርቴፊሻል ጌጦችን የሚሰበስቡ ሰዎች አንድን ጌጥ ሲገዙ በመጀመሪያ የሚያዩት ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ነው። በጀርባው ላይ የተቀረጸው የሠሪው ስም የዕቃውን ዘመንና ወገን ይናገራልና። ትሪፋሪ የተባለው የአሜሪካ ጌጥ ሠሪ ድርጅት በ1955 በፍርድ ቤት ተከራክሮ፣ ከርካሽ ማዕድንና ከመስታወት የሚሠራ ጌጥም እንደ ኪነ ጥበብ ሥራ የቅጂ መብት ሊኖረው እንደሚችል አስወሰነ። ከዚያ ወዲህ በተሠሩት ጌጦች ጀርባ የቅጂ መብት ምልክት ስለሚገኝ፣ ሰብሳቢዎች ዛሬ ምልክቱን አይተው ዘመኑን ይለያሉ። በ1926 በኒው ዮርክ ሱቅ የከፈተችው የሚርያም ሃስከል ሥራዎች ግን እስከ 1940ዎቹ ማብቂያ ድረስ አብዛኞቹ ስም አልተቀረጸባቸውም። እነርሱን የሚለይ ሰው የሽቦውን አጠማዘዝና የመስታወቱን ዓይነት አንድ በአንድ መመርመር ግድ ይሆንበታል።

በካምፓላ ገበያዎች የሚሸጠው፣ በቤቶች የሚወረሰውና በሙዚየም የተቀመጠው ጌጥ ግን የሚነበብ ጀርባ የለውም። ዛጎል ፊርማ አይቀረጽበትም፤ የመስታወት ዶቃ የሠሪውን ስም አይሸከምም። ይሁን እንጂ ማኅተም የለውም ማለት አይደለም። ማኅተሙ ተናጋሪዎች የሰጡት ስም ነው። ስሙ የትኛው ነጋዴ በየት በኩል እንዳመጣው፣ ገንዘብ ወይም ጌጥ እንደነበረ፣ በአደባባይ ወይም በስውር ይለበስ እንደነበረ ይመሰክራል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው፦ ጌጥን ያለ ስሙ የሚሰበስብ ሰው ማኅተሙን ፍቆ የሚሰበስብ ነው፤ ስሙን መመዝገብም ከዕቃው ጠባቂ ይልቅ በመጀመሪያ የቋንቋ አጥኚው ሥራ ነው። ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. ዛጎልና ብር

በሉጋንዳ ገንዘብ ከሚጠራባቸው ቃላት አንዱ ኤንሲምቢ ነው። ቃሉ አስቀድሞ የዛጎል ስም ነበረ። ዛጎሉ በቡጋንዳ ጌጥም፣ መገበያያም፣ የአምልኮ ዕቃም ሆኖ አገልግሏል። ጀርባው ተበስቶ በመቶ በመቶ እየተሰካ ይቆጠር ነበር፤ በቤተ መንግሥት ከበሮዎችም ላይ ይሰፋ ነበር። በቡጋንዳ ለረጅም ዓመታት የኖረው ሚሲዮናዊ ጆን ሮስኮ በ1911 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ከዛጎል በፊት ሳንጋ የተባለ የዝሆን ጥርስ ክብና ንሲንዳ የተባለ ሰማያዊ ዶቃ ለመገበያያነት ይውሉ እንደነበር ጽፏል። ሳንጋ ዛሬም የዝሆን ጥርስ ስም ነው። እንግዲህ በቡጋንዳ የገንዘብ ታሪክ ሦስት ደረጃዎች፣ ማለትም ጥርስ፣ ዶቃና ዛጎል፣ ሦስቱም በሰውነት ላይ የሚደረጉ ነገሮች ነበሩ። ከሦስቱ ስሞች ወደ አጠቃላይ የገንዘብ ስምነት የተሻገረው የመጨረሻው ብቻ ነው።

በ1900 በተፈረመው የቡጋንዳ ስምምነት የጎጆ ግብር በ3 ሩፒ ተወሰነ። በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ዛጎል ከግብር መክፈያነት ወጣ፤ ስሙ ግን ከአፍ አልወጣም። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በ100 ሳንቲም ተከፍሎ ሲመጣ፣ የ1፣ የ5 እና የ10 ሳንቲም ፍራንኮች መሐላቸው የተበሳ ነበር። ሰው በክር ሰክቶ ይይዛቸው ዘንድ ይመቹ ነበርና፣ አዲሱ ገንዘብ የዛጎሉን ልማድ ያገኘው በስሙ ብቻ ሳይሆን በአያያዙም ጭምር ነው። ሳንቲም ከሚለው የእንግሊዝኛ አቻ የተወሰደው ሴንቴ ደግሞ ከኤንሲምቢ ጎን ሁለተኛው የገንዘብ ስም ሆነ። በሉጋንዳ "ገንዘቤ" ለማለት ኤንሲምቢ ዛንጌ ይባላል፤ ሴንቴ ዛንጌም ይባላል። አዲሱ የተውሶ ቃል የተቀበለው የስምምነት ቅርጽ ያንኑ የዛጎሉን ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። በአማርኛ ብር የማዕድኑም፣ የፍራንኩም፣ የገንዘቡ መለኪያም ስም ነው። 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ወደ 28 ግራም ይመዝናል፤ ከክብደቱም 83 በመቶ ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። አንጥረኛው ይህንኑ ፍራንክ አቅልጦ ድሪ፣ አልቦና አምባር ይሠራበት ነበር። አንዳንዴም ሳያቀልጠው ማንጠልጠያ አበጅቶለት እንዳለ በአንገት ይደረግ ነበር። በቡጋንዳ ጌጥ ገንዘብ ሆነ፤ በኢትዮጵያ ገንዘብ ጌጥ ሆነ። አቅጣጫው የተለያየ ቢሆንም፣ በሁለቱም ቋንቋዎች ያንን መሸጋገሪያ እስከ ዛሬ ይዞ የሚገኘው ቃሉ ነው። ብርን ማዕድን ብቻ፣ ኤንሲምቢን ገንዘብ ብቻ ብሎ የሚተረጉም መዝገበ ቃላት መሸጋገሪያውን ይቆርጠዋል።

3. አንድ ዶቃ፣ ብዙ ስም

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የመስታወት ዶቃ ከቬኒስና ከቦሄሚያ ተነሥቶ በዛንዚባር በኩል ወደ ሐይቆቹ አገር ይገባ ነበር። ሪቻርድ በርተን በ1860 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ በዛንዚባር ንግድ 400 ያህል የዶቃ ዓይነት እንደነበረና እያንዳንዱም የራሱ ስም፣ የራሱ ዋጋና የሚወደድበት የራሱ አገር እንደነበረው ይገልጻል። በአንዱ አገር ምግብ የሚገዛ ዶቃ በሌላው አገር በነጻ እንኳ የማይፈለግበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ የቅፍለት መሪው ከሸክሙ እኩል የዶቃውን ስሞችና ስሞቹ የሚሠሩበትን አገር ማወቅ ነበረበት። የበርተን የጉዞ ጓደኛ የነበረው ጆን ስፒክ በ1862 ከካባካ ሙቴሳ ቤተ መንግሥት ሲደርስ፣ የተጓዘው በዚሁ የዶቃ ሥርዓት ላይ ተደግፎ ነበር።

ከነዚያ ዶቃዎች መካከል ላዩ ቀይ፣ ውስጡ ነጭ የሆነው በቅፍለት መንገድ ሳሚ ሳሚ ይባል ነበር። በርተን ለዚሁ ዶቃ ሁለት ቅጽል ስሞችንም ይመዘግባል። አንደኛው "እህል ጨራሽ" ማለት ነው፤ ሰው ዶቃውን ለማግኘት ምግቡን እስከ መስጠት ይደርሳልና። ሁለተኛው "መንደር አፍራሽ" ነው፤ ሴቶች ስለ ዶቃው ሲሉ ቤት ያናጋሉ ተብሎ። በሁለቱም ስያሜዎች የሚሰማው የሻጩ ድምፅ ነው። ዶቃውን ያደረገችው ሴት በቋንቋዋ ምን ብላ እንደጠራችው በነርሱ ውስጥ አይገኝም።

ይኸው ዶቃ ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ "ነጭ ልብ" ይባላል። የሠሩት ፋብሪካዎች ደግሞ በናሙና ካርዶቻቸው ላይ በቁጥር ያውቁት ነበር። እንግዲህ አንዱ ዶቃ የፋብሪካ ቁጥር፣ የቅፍለት ስም፣ የሰብሳቢ ስምና የባለቤቷ ቋንቋ ስም አለው። የመጀመሪያው የሚነግረን የምርቱን ቦታ፣ ሁለተኛው የንግዱን መንገድ፣ ሦስተኛው የዛሬውን ገበያ ነው። ዶቃው በሚለበስበት አገር ምን እንደነበረ የሚነግረን አራተኛው ብቻ ነው። በጨረታ መጽሐፎችና በሙዚየም ካርዶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎድለውም ይኸው አራተኛው ነው።

እውነተኛና አስመሳይ ጌጥን ለይቶ የሚሰይመው ልማድም የራሱ ታሪክ አለው። ስትራስ የሚለው የአስመሳይ አልማዝ ስም የመጣው በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት በፓሪስ ይሠራ ከነበረው ከጌጥ ሠሪው ከጆርጅ ፍሬዴሪክ ስትራስ ስም ነው። በአማርኛ ጌጥ የሚለው ቃል ወርቁንም ዶቃውንም ያቅፋል። አርቴፊሻል የሚለው ቅጽል የተጨመረው ከውጭ ዕቃ ጋር ነው። በሉጋንዳ "ማጌጥ" ማለት ከሆነው ከኦኩዌውንዳ የሚወጣው ስምም እንዲሁ የሚነሣው ከሥራው እንጂ ከዋጋው አይደለም። ስለዚህ የመስታወት ዶቃን ርካሽ አስመሳይ ብሎ የመደበ የዕቃ ዝርዝር፣ በቋንቋው ውስጥ የሌለ ክፍፍልን ከውጭ አምጥቶ ይጭንበታል።

4. የስም ምድብ የሚናገረው

ሉጋንዳ እንደ ሌሎቹ የባንቱ ቋንቋዎች ስሞቹን በምድብ ይከፍላል። የጌጥ ስሞችም በአንድ ምድብ አልተሰበሰቡም። ቀለበት ኤምፔታ ነው፤ ከስዋሂሊው ፔቴ ጋር ይነጻጸራል። የአንገት ሰንሰለት ኦሙኩፉ ነው፤ እርሱም የስዋሂሊውን ምኩፉ ያስታውሳል። አምባር ኤኪኮሞ ነው፤ ብዙ ቁጥሩ ኤቢኮሞ ይሆናል። ኤኪኮሞ የመዳብና የነሐስም ስም ነው፤ በሉጋንዳ መጽሐፍ ቅዱስ ሙሴ የሰቀለው እባብ የተሠራው ከዚሁ ነው። የማዕድኑ ስም የጌጡ ስም መሆኑ ከአማርኛው ብር ጋር የሚያመሳስለው ከመሆኑም በላይ፣ አምባሩ ከምን ይሠራ እንደነበረ ያስታውሳል። ዛሬ በካምፓላ ከፕላስቲክ የተሠራ አምባር ኤኪኮሞ ሲባል፣ ቃሉ ከዕቃው የበለጠ ዕድሜ እንዳለው በግልጽ ይታያል።

በወገብ የሚታሠሩት ትናንሽ ዶቃዎች ግን ሌላ መንገድ ይከተላሉ። ስማቸው ኦቡቲቲ ነው፤ አንዱ አካቲቲ ይባላል። ካ እና ቡ የሚሉት ጥንድ ቅጥያዎች ትንሽነትን የሚያመለክተው ምድብ ናቸው። እንግዲህ ትንሽነቱ ቅጽል ሳያስፈልገው በስሙ ውስጥ ተነግሯል። ኦቡቲቲ ከልብስ በታች የሚታሠር እንጂ በአደባባይ የሚታይ ጌጥ አይደለም። ስለ እርሱ የሚነገረውም በአደባባይ አይነገርም። ልጃገረዷን ለትዳር የምታዘጋጃት የአባቷ እኅት ሴንጋ ስትሆን፣ የዶቃው ትርጉምና አጠቃቀምም ከምታስተምራቸው ነገሮች አንዱ ነው። እንዲህ ያለውን ዶቃ በመስታወት ሣጥን ዘርግቶ "ሐብል" ወይም "ቀበቶ" ብሎ የጻፈ ሰው፣ ቅርጹን በትክክል ለክቶ ዕቃውን ግን ስቷል። ኦቡቲቲ የሚለው አንድ ቃል በካርዱ ላይ ቢሰፍር ኖሮ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ተመልካች የት እንደሚታሠር፣ ማን እንደሚያደርገውና ከማን ጋር እንደማይወራበት በአንድ ጊዜ ይረዳ ነበር።

ሦስተኛው ምሳሌ የጸሎት መቁጠሪያ ነው። በሉጋንዳ ሳፑሌ ይባላል፤ ቃሉ ሻፕሌ ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም የተወሰደ ነው። ቡጋንዳ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ብትውልም መቁጠሪያው የፈረንሳይኛ ስሙን ይዞ የቀረው፣ በ1879 የደረሱት የነጭ አባቶች ማኅበር ሚሲዮናውያን ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ስለነበሩ ነው። የአንድ ክር ዶቃ ስም የአንድን ቤተ ክርስቲያን አመጣጥ ይመሰክራል ማለት ነው። በእንግሊዝኛ የዶቃ ስም ራሱ በጥንት ትርጉሙ ጸሎት ነበረ። በአማርኛ መቁጠሪያ ከመቁጠር ይወጣል፤ የአንገቱ ክር ማተብም በመስቀል ምልክት ማማተብን ከሚያመለክተው የግእዝ ግስ ዐተበ ይወለዳል። ጨሌ ሲባል ደግሞ ዶቃው ከውቃቢና ከዛር ጋር ይያያዛል። በክር የተሰካ ዶቃ ለዓይን አንድ ሆኖ ሳለ፣ ማተብ፣ መቁጠሪያና ጨሌ በአማርኛ ተናጋሪ ዘንድ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልዩነቱን የሚጠብቀው ስሙ ነው።

5. የማዬምቤ ቤት

የኡጋንዳ ሙዚየም ስብስብ በ1908 በኦልድ ካምፓላ ኮረብታ ላይ በሉጋርድ ምሽግ ተጀመረ። በኋላም ኧርንስት ማይ የተባለው ጀርመናዊ አርክቴክት በኪታንቴ ኮረብታ ላይ ወደነደፈው ሕንፃ ተዛወረ፤ ሕንፃው በ1954 ተከፈተ። የከተማው ሰው የመጀመሪያውን ቤት ኤኙምባ ያ ማዬምቤ ብሎ ይጠራው ነበር። ማዬምቤ በመሠረቱ ቀንዶች ማለት ሲሆን፣ መናፍስት ያድሩባቸዋል የሚባሉትን የአምልኮ ቀንዶችና ሌሎች ዕቃዎችም ያመለክታል። አስተዳዳሪዎች ሙዚየም ያሉትን ሕዝቡ የመናፍስት ዕቃ ቤት አለው።

ይህ ስያሜ ብዙ ጊዜ እንደ ቀልድ ይነገራል። ዳሩ ግን ትክክለኛ ምደባ ነበር። ዛጎል የተሰፋበትና ዶቃ የተሰካበት ዕቃ ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲከማች፣ ያየው ሰው በቋንቋው የሚያውቀውን ስም ሰጠው። በሰብሳቢው ዓይን ጌጥና ዕደ ጥበብ የነበረው በተመልካቹ ቋንቋ ኃይል ያለው ነገር ነበረ። ማርጋሬት ትሮዌልና ክላውስ ዋክስማን በ1953 ስለ ኡጋንዳ ዕደ ጥበብ ያሳተሙት ትልቅ ጥናት፣ ዕቃዎቹን በሥራቸውና በአሠራራቸው ለይቶ በሥዕል በማስቀመጡ እስከ ዛሬ ዋና ምንጭ ነው። የቋንቋ አጥኚው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሥራ ይወርሳል፤ ይኸውም ከአሠራር ምደባው ጎን የተናጋሪውን ምደባ ማስቀመጥ ነው። ሁለቱ ምደባዎች የሚለያዩበት ቦታ ጥናቱ የሚጀምርበት ቦታ ነው።

6. አዲስ ዶቃ በኪሬካ

ዛሬ ካምፓላን በዓለም የጌጥ ገበያ የሚያስጠራት የወረቀት ዶቃ ነው። አሠራሩ ቀላል መሣሪያ ይጠይቃል። የመጽሔት፣ የቀን መቁጠሪያ ወይም የማስታወቂያ ወረቀት ረዘም ባሉ ሦስት ማዕዘን ቁራጮች ይቆረጣል፤ ከሰፊው ጫፍ ጀምሮ በቀጭን እንጨት ወይም በመርፌ ላይ ይጠቀለላል፤ በሙጫ ይጣበቃል፤ በቫርኒሽ ተነክሮ በፀሐይ ይደርቃል። የቁራጩ ስፋት የዶቃውን ርዝመት፣ ርዝመቱ ደግሞ የዶቃውን ውፍረት ይወስናል። ሥራው ሰፊ ገበያ ያገኘው ቢድፎርላይፍ የተባለው ድርጅት በ2004 ከተመሠረተ በኋላ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች መካከልም የሰሜን ኡጋንዳን ጦርነት ሸሽተው በኪሬካ አካባቢ አቾሊ ኳርተር በተባለው ሰፈር የሰፈሩ፣ በድንጋይ መፍለጫው በጠጠር ሰባሪነት ይተዳደሩ የነበሩ ሴቶች ይገኙበታል።

ለቋንቋ አጥኚ ይህ ዶቃ ከሳሚ ሳሚ የሚለየው አንድ ትልቅ ነገር አለው፤ ስሙ ገና በመሠራት ላይ ነው። ሠሪዋ የአቾሊ ተናጋሪ ናት። አቾሊ ከናይሎቲክ ቋንቋዎች አንዱ እንደመሆኑ እንደ ሉጋንዳ ያለ የስም ምድብ የለውም። ወረቀቱንና ቫርኒሹን የምትገዛበት፣ ዶቃውንም ለአከፋፋይ የምታቀርብበት ገበያ በሉጋንዳ ይናገራል። የሩቁ ገዢ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል። የቅርጾቹ፣ የአጠቃለሉና የተበላሸው ዶቃ ስሞች በነዚህ ሦስት ቋንቋዎች መካከል ይመላለሳሉ። አንድ ስም ከአቾሊ ወደ ሉጋንዳ ሲሻገር በየትኛው ምድብ ይገባል? እንደ ኦቡቲቲ በማሳነሻው ምድብ ይሰለፋል ወይስ እንደ ሴንቴ ከሌላው ጋር? ይህ በ1860ዎቹ በሳሚ ሳሚ ላይ ሊጠየቅ ይገባው የነበረ፣ ግን ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ነው። በወረቀት ዶቃ ላይ ግን ዛሬ የሚመልሱ ሰዎች አሉ።

የወረቀት ዶቃም ለመሰብሰብ በቅቷል። ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተረፉ ሐብሎች በውጭ አገር ቤቶች ተቀምጠዋል። በጀርባቸው የተቀረጸ ስም የለም። በውስጣቸው የተጠቀለለው የመጽሔት ገጽ ምናልባት ዓመቱን ይናገር ይሆናል፤ እርሱን ለማንበብ ግን ዶቃውን መፍታትና ማጥፋት ያስፈልጋል። ሳያጠፉ ለማወቅ ያለው መንገድ ሠሪዋን መጠየቅ ነው።

7. ምን ይመዝገብ?

ከላይ ከታየው የሚከተለው ግዴታ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ለአንድ ጌጥ ካርድ ሲዘጋጅ ከመጠኑና ከተሠራበት ነገር ቀጥሎ አራት መስመሮች ይጨመሩ። መጀመሪያ፣ ስሙ ከነመነሻ አናባቢውና ከነምድቡ፣ በነጠላና በብዙ ቁጥር ይጻፍ፤ አካቲቲን ትቶ ኦቡቲቲን ብቻ የጻፈ የትንሽነቱን ምስክር ግማሹን ጥሏልና። ሁለተኛ፣ ከስሙ ጋር የሚሄደው ግስ ይጻፍ። በአማርኛ ማተብ ይታሠራል፣ ቀለበት ይደረጋል፣ ሐብል ይጠለቃል፤ ግሱ ጌጡ በሰውነት ላይ የሚውልበትን ሁኔታ ይነግራል። ሦስተኛ፣ ስሙን የሰጠው ሠሪው፣ ሻጩ ወይስ ለባሹ መሆኑ ይገለጽ፤ "መንደር አፍራሽ" የነጋዴ ቃል እንደነበረ ባይታወቅ ኖሮ የለባሿ ይመስል ነበርና። አራተኛ፣ ቃሉ በማን ፊት እንደሚነገርና በማን ፊት እንደማይነገር ይመዝገብ። በአደባባይ የማይነገረውን ስም ለመመዝገብ የሴንጋዎቹ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ ካልተገኘም ካርዱ ያንኑ ይናገር።

የትሪፋሪን ጌጥ የሚሰበስብ ሰው ከመቶ ዓመት በኋላም ቢሆን ጀርባውን አገላብጦ ያነባል፤ ጽሑፉ ከማዕድኑ ጋር ይቆያልና። የኪሬካው ዶቃ ስም የሚቆየው ግን ከተናጋሪዎቹ ጋር ነው። የመጀመሪያዎቹ ጠቅላዮች ዛሬ ልጆቻቸውን ሥራውን እያስተማሩ ነው፤ ልጆቹም በካምፓላ አድገው ከአቾሊ ይልቅ ሉጋንዳና እንግሊዝኛ ይቀናቸዋል። በእናትና በልጅ መካከል የትኛው ስም እንደሚተላለፍና የትኛው እንደሚቀር የሚወሰነው በዚህ ትውልድ ነው። መዝገቡ መከፈት ያለበትም ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው በሚጠቀልሉበት በአሁኑ ጊዜ ነው።